የሩትን ሼል አትንኩት

አዲስ ሰርቨር የተረከበ ወጣት ባለሙያ ብዙ ጊዜ እጁ ቶሎ የሚሄደው የሩትን (በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን አካውንት) ሼል፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም፣ ወደለመደው ባሽ ወይም ዚኤስኤች ወደሚባል ሼል መቀየር ነው። የትናንቱን ትእዛዝ በቀስት ያመጣለታል፣ የፋይል ስም በታብ ይሞላለታል። ምቾቱ እውነት ነው፤ ቦታው ግን ሩት አይደለም።

ሩት የሚፈለገው ሌላው ሁሉ ሲበላሽ ነው። ፍሪቢኤስዲ የተባለውን የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንውሰድ። እዚያ ባሽ ከሲስተሙ ጋር አይመጣም፤ በፓኬጅ ተጭኖ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ ይቀመጣል፣ ለመነሳትም ሌሎች ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ፋይሎች) ያስፈልጉታል። ኤልዲዲ በሚባል ትእዛዝ ዝርዝራቸውን ማየት ይቻላል። አዳማ ሆናችሁ አፕዴት እያካሄዳችሁ መብራት ሄደ እንበል፤ አሮጌዋ ላይብረሪ ተወግዳለች፣ አዲሷ አልገባችም። ሩት ብላችሁ ይለፍ ቃሉን ትጽፋላችሁ፤ ይቀበላችኋል። ላይብረሪው አልተገኘም የምትል አንዲት መስመር ብቅ ትልና ወዲያው የመግቢያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ይለፍ ቃሉ ልክ ነው፣ ዲስኩም ደህና ነው፣ መግባት ግን የለም። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ከሆነማ ኪቦርዱ ጋ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ነው።

መፍትሔው ከሲስተሙ ጋር የመጣውን ሼል እንዳለ መተው ነው። ፍሪቢኤስዲ ከ14.0 (2023 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሩት /ቢን/ኤስኤች የሚባለውን፣ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣውን ሼል ይሰጣል። በሊኑክስ ሲስተሞቹ በኡቡንቱና በዴቢያን ባሽ ራሱ ከሲስተሙ ጋር ስለሚመጣ እሱ ይቆይ። ባሽ የግድ ካስፈለገ ፍሪቢኤስዲ ላይ ቱር የሚባል፣ የሩት ሙሉ ሥልጣን ያለው ሁለተኛ አካውንት አለ፤ ይለፍ ቃል አውጥታችሁ ሼሉን ለእሱ ስጡት።

አንዳንዶች ሩት ሲገባ በሚነበበው ፕሮፋይል ፋይል ውስጥ ባሽን በኤግዜክ (የሚሠራውን ፕሮግራም በሌላ በሚተካ ትእዛዝ) ይጠራሉ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። የባሽ ፋይል መኖሩን ማረጋገጥ አይበቃም፤ ባሽ በቦታው እያለ ላይብረሪው ከጠፋ ኤግዜክ ሼላችሁን በእሱ ይተካዋል፣ እሱም ወዲያው ይሞታል። መጀመሪያ ባሽ አንዲት ቀላል ትእዛዝ ይሥራ፤ ከተሳካለት ብቻ ኤግዜክ ይከተል።

ቀድሞ የተቆለፈበት ሰው ሱዶ (በሩት ሥልጣን ትእዛዝ የማስኬድ ፈቃድ) ያለው ሌላ ተጠቃሚ ካለው /ቢን/ኤስኤችን በሱዶ ያስነሳ፤ ይህ የሩትን ሼል አይነካም። ከሌለ ማሽኑን ሲንግል ዩዘር በሚባለው የጥገና አነሳስ አስነስቶ የሼሉን መንገድ ሲጠየቅ ኢንተር መጫን፣ ለንባብ ብቻ የተከፈተውን ዲስክ ለጽሕፈት መክፈት፣ ሼሉን ሲኤችኤስኤች በሚባለው የሼል መቀየሪያ ትእዛዝ መመለስ ነው። ማንኛውንም ለውጥ ስታደርጉ ግን የገባችሁበትን መስኮት አትዝጉ፤ በሌላ መስኮት ሩት ሆናችሁ እስክትገቡ ድረስ ክፍት ይቆይ።