መግለጫ የሌለው ፎቶ ምን ይመሰክራል?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ፎቶ ማንሣትን በራሳቸው ጥረት ተምረው የአካባቢያቸውን ኑሮ የሚመዘግቡ ወጣቶች ሲነሡ፣ «ምነው ጥሩ ካሜራ በኖራቸው» የሚል ቁጭት አብሮ ይነሣል። ቁጭቱ ቦታውን የሳተ ይመስለናል። ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ካሜራው ነጩን ግራጫ አድርጎ እንደሚያጨልመውና ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ማድረግ እንደሚያሻ ራሳቸው ደርሰውበታል። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የወረደ ካሜራ ወዲያው ከቦርሳ ከወጣ ሌንሱ ላይ እንፋሎት ይይዛል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ መቆየት አለበት። ይህንንም ያውቁታል።

የሚቀረው መግለጫው ነው። «የወሎ ገበያ» የሚል ፋይል ከአሥር ዓመት በኋላ ለማንም የሚነግረው ነገር የለም። ሰኞ ገበያ መሆኑ፣ ሴትዮዋ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚሸጡ፣ የዚያን ቀን ኪሎው ስንት እንደነበር በዕለቱ ካልተጻፈ በኋላ አይገኝም።

ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ደግሞ የቀን ጉዳይ ነው። ካሜራው 2021-11-05፣ 08:10 ብሎ የመዘገበው በእኛ ጥቅምት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2:10 ነው። «05/11» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ሐምሌ 5፣ ሌላው ኖቬምበር 5 ይለዋል። ስለዚህ የፎልደሩ ስም በካሜራው አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ይሰየም፤ በቅደም ተከተል ይደረደራል። በመግለጫው ላይ ግን የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውም አይቀር።

ደሴ ላይ ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚያ በፊት የተነሣ ፎቶ የትኛው ቅርስ የት እንደነበር ሊያስረዳ የሚችለው ቀኑና ቦታው ከታወቀ ብቻ ነው። የተጎጂዎች ስም ግን ደብተር ላይ ይቀመጥ እንጂ አደባባይ አይውጣ፤ ጉዳት ሊያስከትልባቸው ይችላል።

ሌላው ጥፋት ቴሌግራም ላይ ይፈጸማል። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ካሜራው የመዘገበው ቀንና ሰዓትም ይጠፋል። ብዙዎች ዋናውን ከሚሞሪው አጥፍተው ይህንኑ የሳሳ ቅጂ ይዘው ይቀራሉ። «ፋይል» በሚለው መላክ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ቢቻል ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ። ሁለት ሃርድ ዲስክ አንድ ቁምሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ለሌባም ለእሳትም አንድ ነው።

በከተሞቹ የፎቶ ውድድርና ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ቢሮዎች ከዚህ በኋላ መግለጫ የሌለው ምስል አንቀበልም ቢሉ ትልቅ ነገር ነው። አራት መስመር ይበቃል፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲሆን። ዳኞችም ለእነዚህ መስመሮች ነጥብ ይስጡ።