«ለሕዝብ ክፍት» ብላችሁ አልነበር እንዴ?

ዛሬም ወደዚያ የጂኦሎጂ ንግግር ሄድኩ። አዎ፣ አትሂጂ ብላችሁኝ ነበር። አሁን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ደሜ ፈልቷል፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ያው በየጊዜው እንዲህ ያለ ንግግር የሚያዘጋጀው ማኅበር ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «ለሕዝብ ክፍት የጂኦሎጂ ንግግር» ይላል። ርዕሱ አዋሽ አካባቢ ያሉት የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች የመሬት መንቀጥቀጥ። ታዲያ እንዴት ልቅር? ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ አልጋዬ ሲወዛወዝ እኮ ጀሞ 4ኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። በሬክተር ስኬል 5.8 ነው ተባለ። ሰው ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በዚያች ጠባብ ደረጃ ይራኮታል። ግማሹ ውጡ ይላል፣ ግማሹ ባላችሁበት ሁኑ ይላል። የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

ጎረቤቴን እማማንም ይዣቸው ሄድኩ። እማማ የሰሜን ሸዋዋ ከተማ የማጀቴ ልጅ ናቸው። በግንቦት 1953፣ በአቅራቢያዋ ባለችው ካራቆሬ ስም የሚጠራው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርሳት የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። መሬት ሲንቀጠቀጥ እናታቸው ጎትታ እንዳወጣቻቸው፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት ሜዳ ላይ እንዳደሩ፣ ዛሬም እንደ ትናንት ነው የሚያወሩት። እንዲህ ያለ ሰው አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ከወንበር ተነስቶ ነው መቀበል።

በሩ ላይ ጥበቃው «የጥሪ ወረቀት?» አለን። ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል እኮ ብለው ማን ሰምቶኝ! እማማ በምርኩዛቸው ተደግፈው 20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ደግሞ 8 ሰዓት የተባለው 9 ከሩብ ነው የጀመረው። የመክፈቻ ንግግር ነበር። ከዚያ የመክፈቻውን ንግግር ያደረጉትን ሰውዬ የሚያመሰግን ሌላ ንግግር ነበር።

ሁሉም በእንግሊዝኛ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ጉንዳን ያክላል። ሰዉን ቆጠርኩ፣ ሁለት ፈረንጅ ነው የነበረው። ሌላው በሙሉ የኛው ሰው ነው።

አንድ ካርታ ላይ ቀይ ነጥቦች አሳዩ። አንዷ ነጥብ አጠገብ ማጀቴ ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እማማ አላወቁም። ጠጋ ብዬ «ይቺ ነጥብ እኮ የእርስዎ አገር ናት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጠርገው ጠርገው አዩአት። የሚያወራው ሰውዬ ግን አልፏት ሌላ ካርታ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አሁን ስሙኝ። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ማይክ ሰጡኝ።

«ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሲንቀጠቀጥ በደረጃ ልሩጥ ወይስ ቤት ውስጥ ልቆይ?» አልኩ።

መድረክ መሪው፦ «ኢን ኢንግሊሽ፣ ፕሊስ።»

«ሁላችንም አማርኛ እንሰማለን እኮ» አልኩት።

«እንግዶች አሉን፣ እህቴ።»

እሺ ብዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ደንግጫለሁ፣ ተንተባተብኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ምን አለኝ? «ይሄ የጂኦሎጂ ጥያቄ አይደለም። የእሳት አደጋ ሰዎችን ጠይቂ። ቴክኒካል ጥያቄ ያለው?» ልብ በሉ፣ ይሄንን ያለኝ በአማርኛ ነው! ስጠይቀው ያልተፈቀደው አማርኛ ሲያዋርደኝ ተፈቀደ። ሰው ሳቀ። ማይኩን ከእጄ ወሰዱት። እማማ ክንዴን ይዘው «ተይው ልጄ፣ ማጀቴ የፈረሰችው በእንግሊዝኛ ነው እንዴ?» አሉኝ፣ ጮክ ብለው። ያኔ ሁለት ሦስት ረድፍ ዞር ብሎ አየን።

ሻይ ላይ ደግሞ አንደኛው ፈረንጅ መጥቶ በጥሩ አማርኛ «ጥያቄሽ ጥሩ ነበር» አለኝ። ለእሱ ተብሎ ነው የተዋረድኩት!

ነገሩ የጂኦሎጂ ብቻ አይደለም። እናቴን ያከማት ሐኪምም እኮ እሷን አልጋ ላይ አስተኝቶ ስለ ገዛ ሆዷ ከተለማማጆቹ ጋር በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወራው። እሷ ፊታቸውን እያየች ልትሞት ነው ወይ ልትድን ለመገመት ትሞክራለች። ያንን ቀን አልረሳውም።

ባለፈው እዚሁ ማኅበር ስለ አቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ የተደረገውን ንግግር ታስታውሳላችሁ? መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሲሞትበት ተናጋሪው ግራ ገባውና በአማርኛ ማውራት ጀመረ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ለ20 ደቂቃ ተረከ። ከዚያ የበለጠ ንግግር እዚያ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም። መብራት ሲመጣ ወደ እንግሊዝኛው ተመለሰ።

የዛሬው ተናጋሪ ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ኮሪደር ላይ ሮጦ ደረሰብን። «እማማ፣ ግንድ በሽብልቅ ሲፈለጥ አይተዋል አይደል?» አላቸው። ከሥር ቅልጥ አለት እንደ ሽብልቅ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ መሬቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ መንቀጥቀጡ እሱ ነው አለ። በመስከረም 1998 አፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ እንዲሁ ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ፣ እስከ 8 ሜትር ስፋት ተከፍቶ ነበር። እማማ አፋቸውን ይዘው ሰሙት። እኔም ጥያቄዬን ደገምኩ፣ መለሰልኝ። በመንቀጥቀጡ መሀል በደረጃ አትሩጪ፣ ከመስኮት ራቂ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ ራስሽን ሸፍኚ፣ ሲቆም ውጪ፣ ሊፍት አትንኪ። አለቀ! አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያንን ሁሉ ሰው አስቀምጦ ይሄንን አንድ ደቂቃ ከልክሎ ማስወጣት ምን ይባላል? አዳራሹ ውስጥ ስንት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ነበር? እነሱስ ማንን ይጠይቁ?

እማማን ደግሞ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ካርታው ላይ ነጥብ የሆነውን ነገር በዓይኗ ያየች ሴት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር እኮ።

ደክሞኛል። በቃ ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ነበር የወጣሁት። ሲወጡ ግን ወረቀት በተኑ፣ የሚቀጥለው ወር ስለ አፋሩ እሳተ ገሞራ ስለ ሃይሊ ጉቢ ነው፤ ኅዳር 14 ቀን 2018 ፈንድቶ አመዱ አፍዴራን አልብሶ እስከ ሕንድ ስለሄደው። እማማ ወረቀቱን አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። አሁን አጠገቤ ተቀምጠው «ስንት ሰዓት ነው የሚለው?» እያሉኝ ነው።