የእሳተ ገሞራ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም
"የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ መሬቱን ያዳብርላቸዋል፣ አፋሮች ታድለዋል" ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ይሄ እኮ እንጨት ነዶ የሚቀረው አመድ አይደለም፣ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው፣ ውሃ ውስጥ እንኳን አይሟሟም። አፈር የሚያዳብረው በስንትና ስንት አመት ዝናብ ፈራርሶ ነው፣ እዛ በረሃ ላይ ደሞ ዝናቡ የታለ? ህዳር 14 ቀን 2018 ሲፈነዳ አመዱ በየመን አድርጎ ህንድ ድረስ ሄዷል፣ አፍዴራ አካባቢ ያለው ሳር ላይማ እንዳለ ነው የተደፋበት። ፍየልና ግመል ያንን ሲግጡ ጥርሳቸው ያልቃል ሆዳቸው ይታመማል፣ አመዱ ላይ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ኬሚካል ከበዛ ደግሞ ይመርዛቸዋል፣ አርብቶ አደር ከብቱ ካለቀ ምን ይቀረዋል በናትህ? መኖና ንፁህ ውሃ ነው ቶሎ የሚያስፈልጋቸው። ደሞ የፈነዳው ኤርታሌ ሳይሆን ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ነው።