ለአንዲት ኩሽኔታ ካምቢዮ ይውረድ?

ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር መኪናዬ ታላዝናለች። እግሬን ሳነሳ ጸጥ። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ተጨናንቀን ቆመን ስረግጣት፣ አጠገቤ ያለው ባለታክሲ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። አፈርኩ።

ያበገነኝ ግን ድምፁ አይደለም። አምና የፍሪሲዮን ሸራ ሲቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ወርዶ ነበር። አሁን የምትጮኸው ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ተጭና ሸራውን የምታላቅቀው ተሽከርካሪ ቀለበት፣ ያኔ እጃቸው ላይ ነበረች! መካኒኩ "ትሠራለች፣ ለምን ትከስራለህ?" ብሎ አሮጌዋን መልሶ ገጠማት። እኔም የቆጠብኩ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ሞኝ። አሁን መዳፍ ውስጥ ለምትገባ ብረት ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። የዕቃዋን ዋጋ ተዉት፣ የእጅ ዋጋው ነው ወገብ የሚቆርጠው።

ሌላ ጋራዥ ብሄድ ደግሞ፣ ድምፁን እንኳ ሳይሰሙ "ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው" አሉኝ። ኧረ ወንድሜ! ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሌላው ኩሽኔታ ቢሆን እኮ አብዛኛውን ጊዜ የሚጮኸው እግሬን ሳነሳ ነው፣ ስረግጥ ዝም ይላል። የኔዋ ተገላቢጦሽ ናት።

እሺ፣ እኔም አለሁበት። መንገድ ሲዘጋጋ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፌ ነው የምውለው፤ ኩሽኔታዋ ግን አታርፍም።

ቅዳሜ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ሄጄ አዲስ እገዛለሁ። አሮጌዋን እጄ ላይ ካላስቀመጡልኝ ከጋራዡ ንቅንቅ አልልም።