ይድረስ ለክቡር «አውቶ»፣ በየሴቲንጉ የድምፁን ዓይነት በራሱ ለሚወስነው አማራጭ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ስለተሰወሩ አራት የድምፅ ቻናሎች

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከኋላ ስፒከሮቼ ናፍቆት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት ቋሚ አድራሻዎን ማወቅ ስላልቻልኩ ነው። የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ከፍቼ «ዲጂታል የድምፅ ውፅዓት» ወደሚለው ስገባ እርስዎ ተቀምጠዋል፤ የፊልም ማጫወቻውን የድምፅ ገጽ ስከፍት እርስዎ ተቀምጠዋል፤ ይባስ ብሎ ድምፁን ፈትቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ሪሲቨር ውስጥ ስገባ እግርዎን አጣምረው ይጠብቁኛል። ሦስት ወንበር በአንድ ጊዜ የያዘ ሹም በየትኛው ወንበር ላይ ሆኖ እንደበደለ ለማወቅ፣ አቤት ባዩ ሦስቱንም ደጅ መጥናት አለበት።

የአቤቱታዬ ጭብጥ የሚከተለው ነው። ሃርድ ዲስኬ ላይ የተቀመጠው የፊልም ፋይል ኤምኬቪ (ምስልና ድምፅን በአንድ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ሲሆን ድምፁ 5.1 ነው፤ ይኸውም የፊት ግራና ቀኝ፣ ንግግር በብዛት የሚወጣበት መካከለኛ፣ የኋላ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ጉርምርምታ ብቻ የሚሸከመው የሰብዉፈር ቻናል ናቸው። ስድስቱም ተቆጥረው፣ ዶልቢ ዲጂታል በተባለው መጠቅለያ (ድምፅን አሳንሶ በሚያሽገው ዘዴ) ተጠቅልለው፣ በሰከንድ 640 ኪሎቢት ሆነው ፋይሉ ውስጥ መኖራቸውን የማጫወቻው የመረጃ ገጽ ራሱ ይመሰክራል። መንገዱም ሩቅ አይደለም፤ ከማጫወቻው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሪሲቨሩ ነው። ሆኖም ስድስት ሆነው የተነሡት ቻናሎች ሪሲቨሩ ደጃፍ ሲደርሱ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አራቱ የት እንደቀሩ የሚገልጽ አንዲት መስመር ማስታወሻ እንኳ አልተያያዘም።

ያለ ማስረጃ ስም አጠፋ እንዳልባል፣ ሪሲቨሩ ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት በምስክርነት እጠራለሁ። «ዶልቢ ዲጂታል» የሚል ጽሑፍ ሊበራባት ሲገባ «ፒሲኤም»፣ ማለትም ከጥቅሉ የተፈታ ድምፅ፣ ብላ ቁጭ ብላለች። ፊልሙ ውስጥ ከባድ ዝናብ እየወረደ፣ እኔ ጆሮዬን ከኋላው ስፒከር ጨርቅ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ የሚሰማኝ ከትንፋሽ የማይበልጥ ቀጭን ሽሽታ ብቻ ነው። ዝናቡ በሙሉ የሚጥለው በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ነው፤ ከሶፋው በስተኋላ ድርቅ ገብቷል።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን የእርስዎንም ወገን ማየት ይገባኛል። የተጠቀለለ ድምፅ ሳይፈታ፣ በቢትስትሪም መልክ፣ ሊፈታው ወደማይችል መሣሪያ ሲላክ መዘዝ አለው፤ ተቀባዩ እንደ ተራ ፒሲኤም ቆጥሮ ካጫወተው ከስፒከሮቹ የሚወጣው ሙዚቃም ንግግርም ሳይሆን ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሣ ሹሹታ ነው። ባለ ሁለት ቻናል ፒሲኤም ግን የትም ቢላክ የሚያሳፍር ድምፅ አያወጣም። በተጨማሪም መሣሪያዎች በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲገናኙ ተቀባዩ ምን ዓይነት ድምፅ ማስተናገድ እንደሚችል የሚገልጽ ዝርዝር ለላኪው ያቀርባል። ማጫወቻው ቴሌቪዥኑ ላይ ከተሰካ ታዲያ ዝርዝሩን የሚያቀርበው ቴሌቪዥኑ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የራሱን ሁለት ስፒከሮች ቆጥሮ «ሁለት» ብሎ ይመልሳል እንጂ፣ ከጎኑ ስድስት ስፒከር የሚያስተዳድር ሪሲቨር መኖሩን አያነሣም። እርስዎም የሰሙትን ይዘው ወሰኑ። እስከዚህ ድረስ ያለውን የመረጃ እጥረት ነው ብዬ በይለፍ ባልፈው ቅር አይለኝም።

ቅር የሚለኝ ሰበብዎ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፁን ወደ ሪሲቨሩ በኤአርሲ (በዚያው ኤችዲኤምአይ ገመድ ድምፅን ወደ ኋላ በሚመልሰው መንገድ) እንዲመልስ ሳደርግ፣ ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ሲመጣ ዶልቢ ዲጂታልንም ሌላውን መጠቅለያ ዲቲኤስንም ለማሳለፍ የሚበቃ ስፋት ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ዲቲኤስን ጨርሶ የማያሳልፉ ቴሌቪዥኖች ስላሉ፣ አንዱ ፊልም በስድስት ቻናል ሲጮህ ሌላው በዚያው ገመድ፣ በዚያው ምሽት፣ በሁለት ያንጎራጉራል። ምንም ያልተቀነሰለት ዶልቢ ትሩኤችዲ ያለበትን ፋይል ስከፍት ደግሞ ኤአርሲ ጠበበው፤ በቴሌቪዥን በኩል ለማለፍ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የወጣው ሰፊው የኤአርሲ ዓይነት፣ ኢኤአርሲ፣ በሁለቱም በኩል መኖር አለበት። ኦፕቲካል ገመድ ልጠቀም ብል፣ በእርሱ ውስጥ የተጠቀለለ 5.1 ያልፋል፤ የተፈታ ፒሲኤም ግን ከሁለት ቻናል በላይ አያልፍም። እንግዲህ የፋይሉ ድምፅ ኤኤሲ በተባለ ሌላ መጠቅለያ ያለ ባለ ስድስት ቻናል ሆኖ ሲገኝ፣ ሪሲቨሩ ኤኤሲን መፍታት ካላወቀ፣ ማጫወቻው ፈትቶ እንደገና በዶልቢ ዲጂታል ካልጠቀለለው በስተቀር አራቱ ቻናሎች መንገድ ላይ መቅረታቸው የማይቀር ነው። ይህን መልሶ የመጠቅለል ሥራ በርካታ ማጫወቻዎች ይችሉታል። እርስዎ ግን «ይጠቅለል ወይ?» ብለው አይጠይቁም፤ ሁለቱን አንሥተው ውልቅ ነው።

ስለዚህ የምከስዎ ስለ ፈሪነትዎ አይደለም፤ ፈሪ ሹም ቢያንስ መሣሪያ አይሰብርም። የምከስዎ ስለ ዝምታዎ ነው። ከስድስት ቻናል አራቱን ያጠፈ አካል ይህን ማጠፉን በስክሪኑ ጥግ ላይ ለሦስት ሰከንድ እንኳ ቢጽፍ ምን ይጎድልበት ነበር? ስንት ቻናል እየተላከ እንደሆነ ለማወቅ የቴሌቪዥኑን የመረጃ ገጽ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «48 ኪሎኸርዝ» የሚል ነው፤ ይህም የድምፁ የናሙና ፍጥነት እንጂ የቻናል ቁጥር አይደለም። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ።

ከዝምታው የከፋው ደግሞ ማባበያው ነው። አራቱ ስፒከሮች ለምን ዝም አሉ ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ሪሞቱን ሲነካካ ሪሲቨሩ ውስጥ «ኦል ቻናል ስቴሪዮ» የሚባል አማራጭ ያገኛል፤ ሲጫነው ሁሉም ስፒከሮች በአንድ ጊዜ ይንጫጫሉ፤ ሰውየውም ሰራውንድ አገኘሁ ብሎ እፎይ ይላል። ያገኘው ግን ያንኑ ሁለት ቻናል በየስፒከሩ የተባዛ ነው። ፊልሙ ላይ ሄሊኮፕተር ከኋላ ተነሥቶ በራስ ላይ አልፎ ወደ ፊት መሄድ ሲገባው፣ በአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ በአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ያርፋል። ሁለቱን ቻናል በስሌት የሚያከፋፍሉት እንደ ዶልቢ ፕሮሎጂክ ያሉት ዘዴዎች ከዚህ እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ ለአሮጌ ስቴሪዮ ፊልም እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ሆኖም ዋናው ስድስት ቻናል ፋይሉ ውስጥ በሰላም ተቀምጦ ሳለ በግምት የተሠራ ሰራውንድ ማዳመጥ ከስድብ አይተናነስም።

የዚህ ሁሉ ዕዳ በመጨረሻ የሚወድቀው በንግግሩ ላይ ነው። መካከለኛው ቻናል ሲታጠፍ በተለመደው አሠራር በ3 ዴሲቤል ተቀንሶ ለግራና ለቀኝ ይታደላል፣ የሰብዉፈሩ ቻናል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ይጣላል። ለብቻው ስፒከር የነበረው ንግግር ከሙዚቃውና ከፍንዳታው ጋር በአንድ ጠባብ በር ይጋፋል። ተዋናይዋ ምሥጢር ስታንሾካሹክ ድምፅ እጨምራለሁ፤ በር ሲበረገድ እቀንሳለሁ፤ እንደገና ስታንሾካሹክ እጨምራለሁ። ከመካከለኛው ስፒከር ቢወጣ ኖሮ እርሱን ብቻ ጥቂት ከፍ አድርጌ ፊልሜን ባየሁ ነበር።

አንዳንዴም ብዙ የድምፅ ትራክ ካለው ፋይል ውስጥ መርጠው የሚያስጀምሩልኝ የዳይሬክተሩን ማብራሪያ መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ መጥቀስ እወዳለሁ። በዋናው ጉዳይ ላይ አልጨምረውም፤ ባሕርይዎን ግን ያሳያል።

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጊዜ ጀምሮ ከሦስቱም ወንበሮች የተነሡ መሆንዎን አስታውቃለሁ። ማጫወቻው ከእንግዲህ በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካል፤ ቴሌቪዥኑም ምስሉን ብቻ ከሪሲቨሩ ይረከባል፣ ስለ ድምፅ ምስክርነት አይጠየቅም። በማጫወቻ ፕሮግራሞቹ በኮዲም ሆነ በቪኤልሲ «ፓስስሩ» የሚለው (ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ የሚያሳልፈው ምርጫ) ይበራል፤ ሪሲቨሩ የሚያውቃቸው ዓይነቶች አንድ በአንድ ምልክት ይደረግባቸዋል፣ የማያውቃቸው ደግሞ እዚያው ማጫወቻው ውስጥ ተፈትተው በኤችዲኤምአይ ባለ ብዙ ቻናል ፒሲኤም ሆነው ይላካሉ፤ ገመዱ ስምንት ቻናል እንኳ ይችላል። ፓስስሩ ሲበራ የማጫወቻው የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ሥራ እንደሚያቆም ዐውቃለሁ፤ በዚህ ተበሳጭቼ መልሼ እጠራዎታለሁ ብለው ተስፋ አድርገው ከሆነ፣ ያ ማለት ድምፁ ሳይነካ እየሄደ ነውና እንደ መልካም ዜና ተቀብዬዋለሁ።

ይግባኝ የማለት መብትዎ የተጠበቀ ነው። ይግባኙ ግን ስንት ቻናል ተቀብለው ስንት እንዳስረከቡ በጽሑፍ የሚገልጽ ካልሆነ ተቀባይነት የለውም።

ከሰላምታ ጋር፣
የስድስት ስፒከሮች ባለቤት

ግልባጭ፦
ለመካከለኛው ስፒከር፣
ለኋላ ግራና ቀኝ ስፒከሮች፣
ለሰብዉፈሩ። (ሥራ በጀመረበት ምሽት የጉዳዩ ግልባጭ በግድግዳው በኩል ስለሚደርሳቸው ለጎረቤቶች ለብቻ አልተላከም።)