ቤቶቹን ያተረፋቸው ማን ነው?

ከቡልጋሪያ ዋና ከተማ ከሶፊያ በባቡር ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ ኮፕሪቭሽቲትሳ የሚባል ጣቢያ ታገኛላችሁ። ወርዳችሁ ዙሪያችሁን ስታዩ ግን ከተማ የለም። ከተማዋ ገና ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራታል፤ ስሬድና ጎራ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ ተሸሽጋለች። ስሟ «ኮፕሪቫ» ከሚለው ቃል እንደመጣ ይነገራል። ኮፕሪቫ ሳማ ነው፤ ያው የሚለበልበው ሳማ። ከፍታዋ ከ1,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። እኛ ዘንድ ቢሆን ቆላ ነበረች፤ እዚያ ግን ክረምቱ በረዶ ነው።

ነዋሪዋ ሁለት ሺህ ቢሆን ነው። ቤቶቿ ግን ጉድ ናቸው። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ፣ ፎቃቸው ወደ ፊት ወጣ ያለ፣ ከረጅም የድንጋይ አጥርና ከትልልቅ የእንጨት በር ጀርባ የተቀመጡ። አብዛኞቹ ከ150 ዓመት በላይ ቆይተዋል። እኔን ያከራከረኝ እነዚህ ቤቶች እንዴት ሳይቃጠሉ ቀሩ የሚለው ነው።

ቡልጋሪያውያን ከተማዋን የሚያውቋት በአንድ ጥይት ነው። ለአምስት መቶ ዓመት ያህል በኦቶማን ቱርክ ሥር ኖረው እ.ኤ.አ. በ1876 አመፅ አሰቡ። (በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በስም የኦቶማን ግዛት የነበረችውን የግብፅን ጦር ጉራ ላይ ድል አድርገዋል።) አመፁ ለሜይ ወር ነበር የተቀጠረው። ምስጢሩ ግን ወጣ። ፖሊስ ኮፕሪቭሽቲትሳ ድረስ መጥቶ ከአመፁ መሪዎች አንዱን፣ ቶዶር ካብሌሽኮቭን፣ ሊይዝ ሲል ቀኑ ሳይደርስ ተኩስ ተከፈተ። የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰበት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ዛሬም አለ፤ ስሙም የመጀመሪያው ጥይት ድልድይ ነው። በአሮጌው አቆጣጠር ኤፕሪል 20 ነበር፤ በአዲሱ ሜይ 2 ይውላል። ስለዚህ «የኤፕሪል አመፅ» የሚሉትን በሜይ ያስቡታል። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ካብሌሽኮቭ ወዲያው ፓናጊዩሪሽቴ በምትባለው ከተማ ላሉት ጓዶቹ ደብዳቤ ጻፈ። ጀምረናል፣ ተከተሉን የሚል ነው። ደብዳቤው ላይ በተገደለ የኦቶማን ሹም ደም የመስቀል ምልክት ተደረገበት። «የደም ደብዳቤ» ይሉታል። ካብሌሽኮቭ ያኔ 25 ዓመቱ ነው። ከሳምንታት በኋላ ተይዞ እስር ላይ ሳለ ራሱን አጠፋ። ከዚህች ከተማ የተወለደው ሌላው መሪ ጆርጂ ቤንኮቭስኪም ተራራ ላይ ተገደለ።

አመፁ ወር ሳይሞላው ተደመሰሰ። ፓናጊዩሪሽቴ ተቃጠለች። ባታክ በምትባለው ከተማ ባሺባዙክ የሚባሉት መደበኛ ያልሆኑ ተዋጊዎች በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጁ። ጥይቱን የጀመረችው ኮፕሪቭሽቲትሳ ግን ቆማ ቀረች።

ባለጸጎቿ ከፈሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ወርቅና ዕቃ ሰብስበው ከተማቸውን ገዙ።

እነዚህን ሰዎች ቡልጋሪያውያን «ቾርባጂ» ይሏቸዋል። ቃሉ የቱርክ ነው፤ «ቾርባ» የኛው ሾርባ ነው። ሾርባ አብሊ እንደማለት። ቃሉ ዛሬ ብዙ ክብር የለውም። በኛ አፍ ብንተረጉመው «ባንዳ» የሚል ቶሎ ይመጣል። ብዙዎቹ ለሱልጣኑ የበግ ግብር እየሰበሰቡ፣ የሱፍ ጨርቅ እስከ ኢስታንቡልና እስክንድርያ ድረስ እየነገዱ ነው የከበሩት። ጥቅማቸው ከመንግሥቱ ጋር የተሳሰረ ነው። አመፅ ሲነሳ ደስ ሊላቸው አይችልም።

እኔ ግን ባንዳ የሚለውን ቃል እዚህ ላይ አልወረውርም። ከተማዋ ከዚያ በፊት በ1793፣ በ1804 እና በ1809 ሦስት ጊዜ በሽፍቶች ተቃጥላለች። የመጨረሻው ቃጠሎና አመፁ መካከል 67 ዓመት ብቻ ነው ያለው። በ1876 ከተማ ውስጥ የነበረ አዛውንት ቃጠሎውን በልጅነቱ አይቶታል፤ ካላየም ከአባቱ ሰምቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ኪሱን ቢፈታ ምኑ ይገርማል?

ደግሞ ሀብታም ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። ካብሌሽኮቭ ራሱ የባለጸጋ ልጅ ነው፤ የተወለደበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከከተማዋ ሁሉ የሚያምረው የነጋዴው የኦስሌኮቭ ቤት ነው። በ1850ዎቹ ተሠራ፤ ፊት ለፊቱ በእንጨት ምሰሶ ተደግፏል፤ ግድግዳው ላይ የሩቅ አገር ከተሞች ተስለውበታል። ጌታው ኦስሌኮቭ ግን በአመፁ ምክንያት ሕይወቱን አጣ። ቤቱ ቆመ፣ ሰውየው አልቆመም።

ከፋዮቹን ብቻ አሞግሼ ዞር ማለትም አልችልም። የባታክ ደም ነው አውሮፓን ያስጮኸው። በ1877 ሩሲያ ቱርክን ወጋች፣ በ1878 ቡልጋሪያ እንደ መንግሥት ተነሳች። ሁሉም ከተማ ከፍሎ ቢተርፍ ኖሮ ይህ ይመጣ ነበር? አይመስለኝም። ኮፕሪቭሽቲትሳ በሌሎች አመድ ላይ ነው ቆንጆ ሆና የቀረችው።

ዛሬ ከተማዋ የምትኖረው በዚያ ቁንጅና ነው። ከ1965 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ገደማ የባህል ዘፈን ፌስቲቫል ይካሄድባታል፤ ዩኔስኮም በ2016 መዝግቦታል። ከፍየል ቆዳ ስልቻ የሚነፋው ጋይዳ ያኔ ከሜዳው እስከ ከተማው ያስተጋባል። በቀረው ጊዜ ጸጥታ ነው። መቃብር ስፍራው ውስጥ የአንዲት እናት ሐውልት አለ። ተቀምጣ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ልጇን ትጠብቃለች። ልጇ በ29 ዓመቱ በ1916 ጦርነት ላይ የሞተው ገጣሚ ዲምቾ ደበልያኖቭ ነው። አጽሙ ወደ ትውልድ ቦታው የተመለሰው በ1931 ነው።

ድልድዩ ላይ ያለው ታሪክ ይቆይ፣ ተገቢው ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አስጎብኚው የመጀመሪያውን ጥይት ታሪክ ተርኮ ሲጨርስ ጠይቁት፦ ማን ማን ከፈለ? ስንት?