ተቀበል ባይ አያሳጣን

እሁድ መልስ ላይ ነበርኩ። እናንተም የሆነ መልስ ወይ የሆነ ሰርግ ላይ ስለነበራችሁ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ያ ሰውዬ እናንተም ጋ ነበር። ማሲንቆው ሞቆ፣ ጭብጨባው ተያይዞ፣ የሰው ትከሻ ገና ከቦታው መላቀቅ ሲጀምር እጁን ወደ ላይ ቀስሮ «ተቀበል!» የሚለው። እግዜር ይስጠው። እሱ ባይኖር እኮ ዝም ብለን ስንጨፍር ልናመሽ ነበር።

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑም ጭራ። ስልሳ አንድ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ጥግ ላይ ተሰክቶ እያለ አዝማሪው ጭራ በጭራ እየገዘገዘ ድንኳን ሙሉ ሰው ያስነሳል። እንዴት እንደሚያስነሳ ደግሞ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ዓይኑ ትከሻ ላይ ነው፣ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ አንዷ ትከሻዋን ስትሰብቅ ያያትና ትንሽ ያፈጥናል፣ እሷ ስትመልስለት ደግሞ ይጨምራል፣ እንዲህ እየተባባሉ ነው እስክስታ የሚግለው። መሃል ላይ ከተቋረጠ እንደ ጀበና ቡና ነው፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ብታሞቀው ያው አይሆንም።

ይሄ ሁሉ ግን ለተቀበል ባያችን ጥቃቅን ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም እሱ የሚያስተላልፈው መልእክት አለው። ድሮ ተቀበል ያለ ሰው ግጥም ነበረው አሉ፣ ሁለት ስንኝ፣ ሰም አለው ወርቅ አለው፣ አዝማሪው ይቀበለውና ጭፈራው ሳይቆም ይቀጥላል። ዘንድሮ ሲቪ ነው።

«ተቀበል! በማኔጅመንት ማስተርሴን ይዤ!»

«እሺ ጌታዬ።»

«ሲኒየር ፕሮጀክት ማናጀር ሆኜ!»

እስቲ አሁን ማናጀርን ከምን ጋር ቤት ያስመታው? ከ«ነበር» ጋር ነዋ፣ ነበር ካለ ደግሞ ሰውዬው ተባረረ ማለት ነው። አዝማሪው ደጋኑን አየር ላይ እንደያዘ ያስባል፣ ሰውዬው ግን አያስብም ይቀጥላል። ሁለት ሲኖትራክ አለኝ በል፣ አንዱ አሁን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው በል፣ ሊብሬው በስሜ ነው ማለቱን እንዳትረሳ። አያት ጂ ፕላስ ፎር እያስጨረስኩ ነው፣ ፊኒሺንግ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ሴራሚኩ የቻይና አይደለም። የሴራሚኩን አገር አዝማሪው በደንብ ስላልሰማው ደገመለት። ከዛ ዱባይ ሄዶ ኤርፖርት ላይ ሻንጣው የጠፋበትን ታሪክ ጀመረ፣ ይሄ እንግዲህ ግጥምም አይደለም ሲቪም አይደለም፣ ሻንጣው ደግሞ መጨረሻ ላይ ተገኘ። ቲን ነምበሩን ሊያስቀብል ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አጨብጫቢው እጁን ኪሱ ከቷል፣ ሙሽራው ስልኩን እያየ ነው፣ ሙሽሪት ጫማዋን አውልቃለች።

አክስቴ ግን ቆማለች። ሰባ አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከቤት የወጣችው ለዚች ለአንድ ቀን ነው። ማሲንቆውን ስትሰማ ከዘራዋን ለኔ አቀብላኝ ነጠላዋን አደግድጋ ገባች፣ ትከሻዋ ገና አንዴ ሁለቴ እንዳለ፣ ተቀበል። የመጀመሪያውን ባለችበት ቆማ ጠበቀች። ሁለተኛው ላይ ወንበር ተደገፈች። ሦስተኛው ላይ ተቀመጠችና ከዘራዋን መልስ አለችኝ።

ብሩን ደግሞ የሚለጥፉበት ነገር! ሁለት መቶዋን በምራቅ አርሶ ግንባሩ ላይ በጥፊ መለጠፍ ምንድነው? ሽልማት ነው ጥፊ? በ1929 ዓ.ም. የየካቲት 12 እልቂት ካለፈ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋይ፣ ሟርተኛና አዝማሪ እየተለቀመ ይገደል ብሎ አዝዟል። ታንክና አውሮፕላን ያለው ጣሊያን የፈራውን አፍ እኮ ነው እናንተ የሲኖትራክ ሊብሬ የምታስነብቡት፣ ከዛ ቤታችሁ ገብታችሁ ልጃችሁ ማሲንቆ ልማር ሲል «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብላችሁ የምትቆጡት። ነውር ነው።

ይቅርታ፣ ሰው እያመሰገንኩ ነበር።

እና ሰውዬው ሻንጣውን አግኝቶ ሲጨርስ አዝማሪው ጭራውን ትንሽ ወጠር አደረገና፣ ዓይኑን ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ተክሎ፣ በጣም በትህትና እንዲህ አለ፦

የጌታዬ ፎቁ ያምራል ከሩቅ ላዩት፣
ታች ታቹ ተሞልቶ ላዩን ብቻ ረሱት።

ጠጅ ጠጅ የሚሉት ሽማግሌዎች ጋ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዛ አንዱ ብርሌውን አስቀምጦ በነጠላው አፉን ሸፈነ፣ ከዛ ሁሉም። አክስቴ ሁለቴ ከዘራዋን መሬት መታች። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ አብራው ለምትዘፍነው ልጅ በሱው የሆነ ነገር ሹክ አላት፣ ምን እንዳላት አልገባኝም ግን ልጅቷ ከበሮው ላይ ተደፍታ ቀረች። ሰውዬው? «በለው! ፊኒሺንጉን አወቀልኝ!» ብሎ ሌላ ሁለት መቶ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት፣ አስደገመውም። ሦስቴ።

ትናንት ደግሞ ቲክቶክ ላይ አየሁት፣ ቪዲዮውን ራሱ ነው የለጠፈው፣ ፎቁን ጨምሮበት። ከስሩ እንዲህ ብሏል፦ «ስለኔ የተገጠመ፣ ላይክ ማድረግ እንዳትረሱ»።